ቦርሳው ሳይካድ፦ ከሌብነት ጥፋት በኋላ ሱቅ ያስቀረውን የራስን ዕቃ የማስመለስ አሠራር

የእህቴ ልጅ 16 ዓመቱ ነበር። ደሴ ውስጥ ካለ አንድ ሱቅ የስልክ ቻርጀር ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ ሲወጣ በሩ ላይ ተያዘ። ቻርጀሩ ወዲያው ወደ መደርደሪያው ተመለሰ፤ ልጁም ጆሮው ተቆንጥጦ፣ ሁለት ጥፊ ቀምሶ ተለቀቀ። ቦርሳው ግን አልተለቀቀም። ውስጡ አራት ደብተር፣ የተማሪ መታወቂያ፣ የእናቱ ስልክ እና የእናቱ የጤና ጣቢያ ካርድ ነበረበት። «ወላጅ ይዘህ ና» ተባለ። እህቴ ታማ ተኝታ ስለነበር አክስት ሆኜ እኔ ሄድኩ፦ ሰኞ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ በቁጣ። ሦስቱም ስሕተት ነበሩ።

በሁለተኛው ጊዜ የማውቀውን ፖሊስ አስከትዬ ሄድኩ። ያ ደግሞ ከሦስቱም የባሰ ሆነ። ባለሱቁ መለዮውን ሲያይ ፊቱን አጨፍግጎ «ቦርሳ? የምን ቦርሳ?» አለ። ቦርሳው የተካደው በዚያች ደቂቃ ነው። እስከዚያ ድረስ ሱቁ ውስጥ ያለ ዕቃ ነበር፤ ከዚያ በኋላ መኖሩ ራሱ ማስረጃ የሚፈልግ ነገር ሆነ። በሦስተኛው ጉዞ ተመለሰልን፤ እንዴት እንደሆነ ከታች እመጣበታለሁ። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ቤቴን ያንኳኳል። ለእነርሱ የምነግራቸውን ነው እዚህ የጻፍኩት። እርምጃዎቹ ሁሉ የሚሄዱት ወደ አንድ ነገር ነው፦ ባለሱቁ ዕቃው በእጁ መኖሩን ሳይክድ መድረስ።

አስቀድሞ፦ የማን ሐቅ እስከ የት ነው?

ሁለቱን ሐቅ ሳይለዩ ወደ ሱቅ የሚሄዱ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው አንገቱን ደፍቶ «ልጃችን አጥፍቷል፣ ምን አፍ አለን» እያለ የተጠየቀውን ሁሉ ይከፍላል። ሁለተኛው ቻርጀሩን ፈጽሞ ረስቶ ስለ ቦርሳው ብቻ ይጮኻል። እኔ ሁለተኛዋ ነበርኩ።

የሱቁ ሐቅ ቻርጀሩ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1148 በኃይል ወይም በስውር ዕቃው የተወሰደበት ሰው እዚያው በቦታው ከወሳጁ እጅ እንዲያስመልስ ይፈቅድለታል። ስለዚህ ባለሱቁ ቻርጀሩን መልሶ መውሰዱ መብቱ ነው፤ በዚህ አይከራከሩ። ዕቃው ከተበላሸ ወይም ካሸጊያው ከወጣ ዋጋውን መክፈልም ይገባል። ከዚያ አልፎ ደብተሩና ስልኩ ላይ የሚደርስ ሐቅ ግን የለውም። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 1206 ባለሀብት ንብረቱን ያለ መብት ከያዘበት ከማንኛውም ሰው መልሶ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 በግል ይዞታ ያለ ንብረት እንዳይያዝ ጥበቃ ያደርጋል። «መያዣ ነው» የሚሉ ባለሱቆች አሉ፤ መያዣ ግን ሁለት ሰዎች ተስማምተው የሚያደርጉት ውል ነው። በንዴት የተነጠቀ ቦርሳ መያዣ አይባልም። ሌባ እጅ ከፍንጅ የያዘ ሰውም ቢሆን ሳይዘገይ ለፖሊስ ያስረክባል እንጂ ራሱ ዳኛ ሆኖ አይቀጣም፣ ዕቃም አይወርስም።

ይህን ሁሉ ማወቅ ያለብዎት እርስዎ ነዎት። ለባለሱቁ አንቀጽ አይቁጠሩለት። አንቀጽ የሰማ ነጋዴ ጠበቃ ያማክራል፤ የጠበቃ የመጀመሪያ ምክር ደግሞ «ምንም አትናገር» ነው።

እርምጃ 1፦ ስልኩ ላይ ይደውሉ፣ ከዚያ ይዝጉት

ስልክ አብሮ ከቀረ፣ ብዙ ሰው በድንጋጤ ወዲያው ቁጥሩን ያዘጋል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ ከሌላ ስልክ ይደውሉ፣ ድምፁንም ከፍተው አጠገብዎ ሌላ ሰው እንዲሰማ ያድርጉ። ባለሱቁ ወይም ሠራተኛው ካነሣው «አዎ፣ እዚህ ነው ያለው» ይላል። ያቺ ቃል ወርቅ ናት። ቁጣ አያሰሙ፤ «እሺ፣ አደራ ያስቀምጡልን፣ ነገ እንመጣለን» ብለው ይዝጉ። የተደወለበትን ሰዓትና ያነሣው ሰው ያለውን በወረቀት ይያዙ።

ከዚያ በኋላ ገንዘቡን ይጠብቁ። ቁጥሩን ለማገድ ኢትዮ ቴሌኮም በ994፣ ቴሌብርን ለማሳገድ በ127፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሒሳብ ካለ በ951 ይደወላል። ባለሱቁ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። ሱቅ ግን የሚላላክ ልጅ፣ የሚያግዝ ዘመድ፣ ቁጭ ብሎ ወሬ የሚያወራ ደንበኛ የማይታጣበት ቦታ ነው፤ የይለፍ ቁጥሩ 1234 የሆነ ስልክ ደግሞ ስንት አለ።

የስልኩን መለያ ቁጥር፣ አይኤምኢአይ የሚባለውን፣ ይፈልጉ። *#06# ብሎ ማግኘት የሚቻለው ስልኩ በእጅ ሲሆን ብቻ ነው፤ አሁን የሚያገኙት ስልኩ የተገዛበት ካርቶን ላይ ወይም ደረሰኙ ላይ ነው። ካርቶኑን ጥለውት ከሆነ ይለፉት፤ በሰንጣቃውና በስቲከሩ ይለያል።

እርምጃ 2፦ ዝርዝሩን በዚያው ቀን ይጻፉ

በሁለተኛው ቀን የነበረው ዕቃ ይቀንሳል ወይም ይጨምራል፤ ትዝታ እንደዚያ ነው። ልጁን ለብቻው አስቀምጬ ያጻፍኩት ዝርዝር ይህን ይመስል ነበር፦

ሰማያዊ የጀርባ ቦርሳ፣ የግራ ማንጠልጠያው በነጭ ክር የተሰፋ።
አራት ደብተር፤ የፊዚክሱ ሽፋን የተቀደደ።
ጥቁር ቴክኖ ስልክ፣ በስተቀኝ ጫፉ ሰንጣቃ ያለው።
የተማሪ መታወቂያ።
የእናቱ የጤና ጣቢያ ካርድ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ።
180 ብር፣ በሒሳብ ደብተሩ መሐል።

የነጩ ክር ነገር ዋጋ አለው። «ሰማያዊ ቦርሳ» ያለው ሰው አሥር ነው፤ «ማንጠልጠያው በነጭ ክር የተሰፋ» ያለ ባለቤት ብቻ ነው። ክሩን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ሰማያዊ ክር አጥቼ።

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ያልነበረ ገንዘብ አይጨምሩ። 180 ብርን 1,800 ያደረገ ሰው፣ ቦርሳው ሲከፈትና ብሩ ሲቆጠር የቀረውን ዝርዝር ሁሉ ያስጠረጥራል። ሁለተኛ፣ ልጁን «ቦርሳው ውስጥ የሌላ ሱቅ ዕቃ አለ ወይ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት። ካለ ያንን የእርስዎ ነው ብለው አይጻፉ፤ ከሄዱ በኋላ ከሚሰሙት ከመሄድዎ በፊት ቢሰሙት ይሻላል። እኔ ስጠይቀው ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «የለም» አለኝ። አመንኩት፤ በእርግጥም አልነበረም።

እርምጃ 3፦ ዕቃው የት እንዳለ በጽሑፍ ያስመልሱ

ስልክ ላይ ማንም ካላነሣ ወይም ስልክ አብሮ ካልቀረ፣ የባለሱቁን ቁጥር ፈልገው አጭር መልእክት ይላኩ። የሱቅ ቁጥር ደሴም ኮምቦልቻም ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይጻፋል። መልእክቱ ክስ አይምሰል፤ ጥያቄ ይሁን፦

«ሰላም፣ እንደምን ዋሉ። ቅዳሜ ዕለት ልጃችን ሰማያዊ ቦርሳው እርስዎ ዘንድ ቀርቷል። በልጁ ጥፋት አዝነናል። ቦርሳውን ለመውሰድ መቼ ብንመጣ ይመችዎታል?»

«ነገ ኑ» ከተባለ ሥራው ተጋምሷል፤ ያንን መልእክት አያጥፉ። «ለፖሊስ ሰጥቻለሁ» ከተባለ ወደ ሱቁ መሄድ ትርጉም የለውም፣ ከታች «ዕቃው ፖሊስ ዘንድ ከሆነ» ወደሚለው ክፍል ይለፉ። መልስ ከሌለ ግን ክህደት አይደለም፤ ነጋዴ መልእክት ሳያነብ ሳምንት ይከርማል።

አንዳንድ ትልልቅ ሱቆች ሲገቡ ቦርሳዎን በር ላይ ተቀብለው ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ይሰጣሉ። ቦርሳው የቀረው እንዲህ ከሆነ ካርዱን እንደ ዐይንዎ ይጠብቁት፤ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ። በዚህ ጊዜ ዕቃው ለሱቁ በአደራ የተሰጠ ነው፤ አደራ ተቀብሎ ለራሱ ያደረገ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 675 በእምነት ማጉደል ይጠየቃል።

እርምጃ 4፦ ማን ይሂድ፣ መቼ?

ልጁ አይሂድ። በሱቁ በር ላይ ሲታይ የሻጩ ልጅ ሁሉ «ያ ሌባ መጣ» ብሎ ይሰበሰባል፤ ባለሱቁም በሰው ፊት ልስልስ ማለት ያፍራል። ብቻዎንም አይሂዱ። ባለሱቁ የሚያከብረው፣ ቢቻል የሚያውቀው አንድ ዕድሜ ጠገብ ሰው ይፈልጉ። ወሎ ውስጥ ይህን ማግኘት አይከብድም፤ ቡና የሚጠጣበት ቤት ሁሉ ሽማግሌ አለ። ብዙ ሰው ይዞ መሄድ ግን አስታራቂ ሳይሆን ዘመቻ ያስመስላል፤ ሁለት ሰው በቂ ነው።

ቀኑን ይምረጡ። ደሴም ባቲም ገበያቸው ሰኞ ነው፤ ላሊበላ ቅዳሜ። በገበያ ቀን ባለሱቁ የሚያየው ገንዘብ እንጂ እርስዎን አይደለም። ዓርብ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ሙስሊም ነጋዴ ለጁምዓ ሱቁን ዘግቶ ይሄዳል። ጠዋት ገና በሩን ሲከፍት መሄድም አይበጅም። የቀኑን የመጀመሪያ ሽያጭ ያልሸጠ፣ ራሳቸው እንደሚሉት ገና ያልፈታ ነጋዴ፣ በሩ ላይ ዕዳና ክርክር ይዞ የቆመ ሰው ካየ ቀኑ የተበላሸ ያህል ይሰማዋል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ከሁሉ ይሻላል። ከተቻለ አንድ ነገር ይግዙ፤ ሳሙናም ቢሆን።

ባለሱቁ ለምን እንዲህ እንደሚቆጣ ማወቅም ይጠቅማል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሱቅ እስከ መደርደሪያው ተዘርፏል። ባዶ ሱቅ ከፍቶ ከዱቄትና ከዘይት እንደገና የጀመረ ሰው ቻርጀር ሲጠፋበት የሚያየው ቻርጀሩን ብቻ አይደለም። ይህ ለቦርሳው ሰበብ አይሆነውም፤ ለቁጣው ግን ይሆነዋል።

እርምጃ 5፦ ንግግሩ

በሦስተኛው ጉዞ አብረውኝ የሄዱት የጎረቤታችን አዛውንት ናቸው። ባለሱቁ ባለፈው የካደ ሰው ስለሆነ እኔ ገና ሳንገባ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እርሳቸው ቀስ ብለው ገብተው «አሰላሙ ዐለይኩም ሐጂ» አሉ። «ወዐለይኩሙሰላም፣ ይግቡ አባቴ» ተባሉ። ዱካ ቀረበላቸው። ከዚያ ለአሥር ደቂቃ ያህል ስለ ቦርሳ አንድም ቃል አልወጣም። የዘይት ዋጋ ተነሣ፤ ክረምቱ እንደዘገየ ተነሣ፤ አንድ የሚያውቁት ሰው መሞቱ ተነሣና ነፍስ ይማር ተባለ። እኔ ከኋላ ቆሜ «አሁንስ ረሱት» እያልኩ ነበር።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሐጂ፣ አፉ በሉን» አሉ። «ልጃችን አጥፍቷል። ጥፋቱን ይዘን ነው የመጣነው፣ ልንክድም አልመጣንም። የጎደለብዎ ካለ እንከፍላለን።»

ባለሱቁ ዝም አለ።

«ይቺ ደግሞ አክስቱ ናት፤ ባለፈው የተቆጣችው። እሷም አፉ ትልዎታለች።»

ይህን አልተስማማንበትም ነበር። ግን አልኩ።

«የልጁ እናት ታማለች» ብለው ቀጠሉ። «የሐኪም ካርዷ ቦርሳው ውስጥ ነው። አማና እርስዎ ዘንድ ነው ብዬ ነው የመጣሁት።» አማና አደራ ማለት ነው።

ልብ ይበሉ፤ «ቦርሳውን ወስደዋል» አላሉም፣ «ቦርሳው አለ ወይ?» ብለውም አልጠየቁም። የካደ ሰው «አለ ወይ» ሲባል ሁለተኛ «የለም» ማለት አለበት፣ ያለዚያ መጀመሪያ ዋሽቶ ነበር። «አማና እርስዎ ዘንድ ነው» ሲባል ግን ያ ያለፈው ክህደት ሳይነካ የሚመለስበት መንገድ ተከፈተለት። ባለሱቁ ወደ ኋላ ዞሮ ሠራተኛውን «እስቲ ከሳሙናው ካርቶን ጀርባ እየው» አለ። ቦርሳው ወጣ፤ አቧራውን በእጅጌው ጠረገና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። ነጩ ክር ይታየኝ ነበር።

እንዲህ ያለ አዛውንት ከሌለ የሚያስፈልገው ቅደም ተከተል ይኸው ነው፦ ሰላምታ፣ የጥፋት እምነት፣ የክፍያ ፈቃደኝነት፣ ከዚያ ዕቃው። ብዙ ሰው በመጨረሻው ይጀምራል።

እርምጃ 6፦ ገንዘብና ፊርማ ቢጠየቁ

እዚህ ላይ ለስላሳነቱ ይብቃ። ባለሱቁ ቻርጀሩ ካልተሸጠለት ዋጋውን መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ይክፈሉ፣ ደረሰኝም ይቀበሉ። «የአሥር እጥፍ ቅጣት» የሚባለው ግን ግድግዳ ላይ ተጽፎ ቢለጠፍም የሱቅ ሕግ እንጂ የሀገር ሕግ አይደለም። በወንጀል የሚቀጣ ፍርድ ቤት ብቻ ነው። «ከዚህ በፊት የጠፋብኝ ዕቃ ሁሉ በዚህ ልጅ ነው፤ ካልከፈላችሁ እከሳለሁ» ብሎ የሚያስፈርም ወረቀት ከቀረበ አይፈርሙ። ከስሶ መብቱን ማስከበር ይችላል፤ ነገር ግን በክስ አስፈራርቶ ከመጠን ያለፈ ጥቅም ያገኘበት ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1709 መሠረት ሊፈርስ የሚችል ነው። ፈርመው ከሆነም ተስፋ አይቁረጡ፣ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ። ግን ካልፈረሙት ይሻላል።

የልጁ ፎቶ በር ላይ ተለጥፎ ከሆነ እንዲነሣ የሚጠየቅበትም ጊዜ ይኸው ነው። ከቦርሳው በፊት አያንሡት፤ ከቦርሳው በኋላ ግን አይርሱት።

እርምጃ 7፦ ርክክቡ

ቦርሳው እጅዎ እንደገባ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው አይሩጡ። ዝርዝሩን አውጥተው እዚያው፣ በባለሱቁ ፊት፣ አንድ በአንድ ይዩ። «እጠራጠርዎታለሁ» ማለት እንዳይመስል ምክንያቱን ለራስዎ ያድርጉት፦ «እናቱ ትጠይቀኛለች፣ ልየው» ቢሉ ማንም አይቀየምም። ብሩን ይቁጠሩ፣ ስልኩን ያብሩ። የጎደለ ካለ ያን ጊዜ፣ እዚያው ይናገሩ፤ ከሱቁ ከወጡ በኋላ የሚነገር ጉድለት የእርስዎ ቃል በእሱ ቃል ላይ ብቻ ነው።

ከዚያ በግማሽ ወረቀት፦ «ዛሬ ቀን ___ ከዚህ በላይ የተዘረዘረውን ዕቃ ተረክቤአለሁ። በሁለታችን መካከል የቀረ የዕቃ ይገባኛል ጥያቄ የለም።» ሁለታችሁም፣ አዛውንቱም እማኝ ሆነው፣ ይፈርሙ፤ ሁለት ቅጂ። ይህ ለባለሱቁም ይጠቅመዋልና አይከለክልም። ከጎደለ «የቀረ ጥያቄ የለም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ያውጡና የጎደለውን ይጻፉ።

ከተካደ ወይም ከተከለከለ

መጀመሪያ ሽማግሌ። ወሎ አበጋር የሚባሉ የታወቁ አስታራቂዎች አሏት፤ የእነርሱ ሥራ ግን የደም ነገር ነው፣ ለቦርሳ አበጋር አይጠራም። የሰፈር ሽማግሌ፣ የእድር ዳኛ፣ የመስጊድ ወይም የቤተ ክርስቲያን አባት ይበቃል። ሁለት ጊዜ ተልከው እምቢ ከተባለ በሦስተኛው አይለምኑ።

ከዚያ በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ምን ዕቃ፣ መቼ ቀረ፣ በስንት ቀን ውስጥ እንዲመለስ። አንድ ቅጂ በምስክር ፊት ለባለሱቁ ይስጡ፤ አልቀበልም ካለ እምቢታውን ጽፈው ምስክሩ ይፈርም። ይህ ወረቀትና ቀደም ሲል የተላከው መልእክት በኋላ የሚታዩት ማስረጃዎች ናቸው።

ፖሊስ ጣቢያ ከመሄድዎ በፊት አንድ ስሌት ይሥሩ። ፖሊስ ሁለት በር ይከፍታል፤ እርስዎ ስለ ቦርሳው ሲከሱ ባለሱቁ ስለ ቻርጀሩ ይከሳል። ስርቆት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 በቀላል እስራት ወይም እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ለ16 ዓመት ልጅ ዕድሜው ቅጣት ያቀልለታል እንጂ ከተጠያቂነት አያወጣውም። ከ9 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ብቻ ነው በወንጀል የማይጠየቀው። ቦርሳው ደብተርና ቻርጀር የሚያክል ገንዘብ ብቻ ካለበት መተው ሊሻል ይችላል፤ ስልክና ሰነድ ካለበት ግን አይተዉት። ወደ ፍርድ ቤት የሚሄዱ ከሆነ ይዞታውን የተነጠቀ ሰው ዕቃው እንዲመለስለት የሚጠይቀው በ2 ዓመት ውስጥ ነው፣ አንቀጽ 1149። ቀኑ ሩቅ ይመስላል፤ ምስክር ግን በ2 ዓመት ውስጥ አዲስ አበባ ይገባል።

ዕቃው ፖሊስ ዘንድ ከሆነ

ፖሊስ የያዘው ዕቃ ኤግዚቢት ይባላል። ይህ ከሱቁ ይቀላል፣ ምክንያቱም ፖሊስ አይክድም፤ መዝገብ አለው። የምርመራ መዝገቡን ቁጥርና የመርማሪውን ስም ይጠይቁ፣ ይጻፉ። ከዚያ ሁለት ነገር ይለዩ። ቻርጀሩ፣ ምናልባትም የተደበቀበት ጃኬት፣ ለጉዳዩ ማስረጃ ነው፤ እስኪፈረድ ድረስ ሊቆይ ይችላል። ደብተሩ፣ መታወቂያውና የጤና ካርዱ ከስርቆቱ ጋር ምንም አያገናኛቸውም። ማመልከቻዎ «ዕቃዬ ይመለስልኝ» ብቻ አይበል፤ የትኛው ዕቃ ለምን ማስረጃ እንደማይሆን አንድ በአንድ ይናገር። የባለቤትነት ማስረጃውን ቅጂ ያያይዙ። መርማሪው ካልተስማማ ጉዳዩ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ፣ ክስ ከተመሠረተ ደግሞ ፍርድ ቤት ዘንድ ይቀርባል። መዝገቡ ሲዘጋ ኤግዚቢቱ እንዲመለስ መጠየቅ የእርስዎ ድርሻ ነው፤ ማንም አይደውልልዎትም።

ዕቃ ልጠይቅ ብሎ ሄዶ ስለ ስርቆቱ ሁሉን ተናግሮ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት አለው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተጻፈ ነው። ስለ ዕቃው ይናገሩ፣ ስለ ቻርጀሩ ሲጠየቁ ጠበቃ ያማክሩ።

ስለ መታወቂያ

አንዳንድ ባለሱቅ ዕቃውን መልሶ መታወቂያውን ያስቀራል፤ «እንዳይደግመው» ብሎ። መታወቂያ የሰጠው አካል እንጂ ሱቅ የሚይዘው አይደለም፤ ይህን በትሕትና ግን ያለ ማወላወል ይንገሩት። ሲታክትዎ «ጠፋብኝ» ብለው ቀበሌ ሄደው አዲስ ለማውጣት ይከጅላሉ። ባያደርጉት ይሻላል፤ የት እንዳለ እያወቁ ጠፋ ብሎ ማመልከት ሐሰት ነው፤ ያ የድሮው መታወቂያ አንድ ቀን ቢወጣ ችግሩ የእርስዎ ነው። «በእንዲህ ያለ ሱቅ ተይዞብኛል» ብለው እውነቱን ያመልክቱ። የፋይዳ ካርድ ከሆነ ቁጥሩ አይለወጥም፤ ካርዱ እንደገና ሊታተም ይችላል።

ልጁ ካላጠፋ

እንዲህም ይሆናል። እርምጃዎቹ አይለወጡም፣ «ጥፋቱን ይዘን መጣን» የሚለው ብቻ ይወጣል። ያላጠፋ ሰው ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ ጥፋት ማመን የለበትም፤ ያቺ ቃል ከቦርሳው ጋር አትመለስም። ሱቁ የደኅንነት ካሜራ ካለው ምስሉ እንዳይጠፋ በዚያው ቀን በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ምክንያቱም ካሜራ የድሮውን በአዲሱ እየተካ ይሄዳል። በድሮ ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ በሰው ፊት ይለቀቅና የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። የዛሬው ሌባ ሻይ ሠራተኛው ነው፤ «እሱ ነው፣ አይቼዋለሁ» ይላል። ምን እንዳየ፣ ከየት ሆኖ፣ በስንት ሰዓት፣ በእርጋታ ይጠይቁት።

ቤት ሲደርሱ

ስልኩን ቻርጅ ያድርጉ፣ የይለፍ ቁጥሩን ይለውጡ፣ ከዚያ 994 ደውለው ቁጥሩን ያስከፍቱ። ቴሌብርንና የባንክ ሒሳቡን ከፍተው የመጨረሻዎቹን ዝውውሮች ይዩ። የርክክብ ወረቀቱን ከዝርዝሩ ጋር አንድ ላይ ያስቀምጡ። የጤና ካርድ ካለ ደግሞ ፕላስቲኩን ፈትተው የቀጠሮውን ቀን ይመልከቱ፤ የእህቴ በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ነበር።